ከግራ የሚመጣው ቡጢ

በሦስተኛው ዙር የፊዮሪ ቅንድብ ተቀደደ። የተጋጣሚዋ ቀኝ እጅ በፊዮሪ ግራ በኩል ዞሮ መጣና፣ ሥጋ ላይ እንደሚያርፍ መጥረቢያ ዓይኗ ላይ አረፈ። ደሙ ጉንጯን ተከትሎ ወረደ። ፊዮሪ አልወደቀችም። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ፊት ሄደች፤ ያው እጅ በዚያው በኩል መጥቶ ደግሞ አገኛት። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሙኩቤ! ሙኩቤ!» ይላል፤ ምቻት ማለታቸው ነው። ተጋጣሚዋም ሕዝቡን አላሳፈረችም።

ጥግ ላይ የቆመው አሰልጣኟ ማኑሄ ድምፁ እስኪዘጋ «ግራሽን ሸፍኚ» ሲላት ነበር። በዙሮቹ መሃል በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቁስሉን በጥጥ ሲጫን፣ «ያቺን ቀኝ እጅ አታይያትም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ፊዮሪ የጥርስ መከላከያዋን መዳፉ ላይ ተፋችው። በምራቅና በደም ተለውሷል። «አያታለሁ፤ ትፈጥንብኛለች» አለች።

የመጨረሻው ደወል ሲደወል በእግሯ ቆማ ነበር። ዳኛው በሁለቱ መካከል ገብቶ የሌላይቱን እጅ ወደ ላይ ሲያነሳ፣ ፊዮሪ ፊት ለፊቷን እያየች ትተነፍስ ነበር። መሸነፏን የነገራት የሕዝቡ ጩኸት ነው።

ማኑሄ ጠዋት ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቦክስ አሰልጣኝ። ሚስቱ ገንዘቤ ካምፓላ፣ ኪሱጉ ውስጥ፣ ወደ ካባላጋላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። እሱ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆሞ ጎድን ይሰብራል፣ ዳቢት ይገነጥላል፣ ጅማት ይልጣል። ምሳ ሲያልቅ ሽርጡን ይሰቅልና እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ፣ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር ወዳለው የቆርቆሮ አዳራሽ ይሄዳል። እዚያም ደም አይጠፋም። ሰውየው ግን ቀኑን ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ የሚጮኸው ሪንግ ዳር ሲቆም ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ሳለ እሱም ይቧቀስ ነበር። አፍንጫው ከአንዴም ሁለቴ ተሰብሮ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል። ግራ ትከሻው፣ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ፣ እንዳልተቀባ የበር ማጠፊያ ይንቋቋል። አንድ ጊዜ ጎድኑ ተሰብሮ ከሪንግ ሲወጣ፣ የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ «ወንድ ልጅ የሚያመው ሲቀበር ነው» ብሎ ገፍቶ መለሰው። ገብቶ አሸነፈ። ከዚያ ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ እየታገለ ከረመ። ዛሬ ለሚያሠለጥናቸው ልጆች የሚነግራቸው ብዙ ነገር የለውም። «ሰው የሚመታው ስላላየ ነው እንጂ ስለፈራ አይደለም» ይላቸዋል። «ድፍረቱን ተዉትና መጀመሪያ እዩ።»

ፊዮሪ ከአስመራ የመጣች፣ ቡጎሎቢ ገበያ ውስጥ ቅባትና ሽቶ የምትሸጥ ልጅ ናት። ካምፓላ ውስጥ ዘመድ የላትም። መጀመሪያ ወደ አዳራሹ የመጣችው ቦርሳዋን የነጠቋትን ሁለት ሰዎች አግኝታ ጥርሳቸውን ለማውለቅ ነበር፤ ለማኑሄም ያለ እፍረት እንዲሁ ብላ ነገረችው። ሰዎቹን አላገኘቻቸውም። ቡጢውን ግን ወደደችው። ስትመታ ፊቷ ይረጋጋል፤ በተኛ ሕፃን ፊት ላይ የሚታይ ዓይነት መረጋጋት ነው፣ ከፊቷ የቆመው ሰው ግን እየተሰበረ ነው።

ከሽንፈቱ ማግስት፣ እሁድ፣ ገንዘቤ «የፈሰሰ ደም እንዲህ ነው የሚተካ» ብላ ክትፎ አቀረበችላት። ፊዮሪ የተሰፋ ቅንድቧን ይዛ ገበታው ፊት ተቀመጠች። ገንዘቤ በግራዋ ሆና ጠቅለል አደረገችና አጎረሰቻት። ጉርሻው አፏን ስቶ ጉንጯን አገኘ። ቅቤው በአገጯ ወረደ።

«አፍሽን የት ደበቅሽብኝ?» አለች ገንዘቤ።

«ከንፈሬ አብጦ ነው፣ እትዬ። መክፈት አቃተኝ።»

ከማዶ የተቀመጠው ዲሪባ፣ የአዳራሹ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ፣ «ከእትዬ ገንዘቤ ቀኝ እጅም አላመለጠችም» አለ። ሁሉም ሳቁ። ማኑሄም ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሲያመነታበት የዋለውን ነገር ተናገረ። የመልስ ግጥሚያ ተይዟል። በዚያ የምታሸንፈው ናይሮቢ ሄዳ ትጋጠማለች፤ ፊዮሪም ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም፣ የናይሮቢን አዳራሽ በስልኳ እያሳየች ሰውን ሁሉ አሰልችታለች።

«ያ ቀኝ እጅ ለምን እንደሚያገኝሽ ሳላውቅ አላስገባሽም» አላት ማኑሄ። «ካወቅኩት እናስተካክለዋለን። ካላወቅኩት ሽቶሽን ትሸጫለሽ።»

«ፍጥነት ነው አልኩህ እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን ሳየው አምናለሁ።»

ማየቱ ግን ቀላል አልሆነም። ግጥሚያውን የቀረጸው ኢዮኤል፣ የካምፓላ ሐበሻ ሁሉ ለሰርግ የሚጠራው ልጅ ነው። ካሜራው የሙሽራዋን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ያወጣል ይባልለታል። ማኑሄ ያንን ቪዲዮ በስልኩ ሲያየው ሁለት ጉንዳን የተጣሉ ይመስላል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ባለው አሮጌ ቴሌቪዥን ሲያየው ደግሞ ፊቶቹ እንደ ረጠበ ሳሙና ይሟሟሉ። ኢዮኤል ተቆጣ፤ «የኔ ቪዲዮ ጥፋት የለበትም፤ የምታይበት ነው» አለው።

ላፕቶፕ የመግዛቱ ነገር እንዲህ መጣ። ገንዘቤም ለምግብ ቤቱ ሒሳብ ይሆነኛል ብላ ተስማማች። ማኑሄ ኮምፒውተር ባያውቅም የሚፈልገውን ያውቃል። በአንድ ክንድ ተይዞ ሪንግ ዳር የሚቆም መሆን አለበት። ኪቦርዱ ወደ ኋላ ተገልብጦ እንደ ትሪ የሚዘረጋ፣ ስክሪኑን በጣት ሲነኩት ቪዲዮው ቀጥ የሚል፣ ቡጢው የመጣበትን መንገድ በእስክርቢቶ ሊያሰምርበት የሚችል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሲመታ ፊቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ።

መሃል ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ጀሊላ የምትባል የሐረር ልጅ ላፕቶፕ ትሸጣለች። ማኑሄና ፊዮሪ ሲገቡ ተነስታ ተቀበለቻቸው።

«ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት?»

«ለቦክስ» አላት ማኑሄ።

ጀሊላ የእሱን አፍንጫ አየች፤ ቀጥላ የፊዮሪን ቅንድብ። «ማን ማንን እንደመታ አልጠይቅም» አለችና ሦስት ላፕቶፕ አውጥታ ደረደረች።

ማኑሄ የኢዮኤልን ፍላሽ ሰጣት። «በሦስቱም ላይ ይሄንኑ አሳዪኝ።»

መጀመሪያ የተከፈተው ስክሪኑ ከኪቦርዱ የሚላቀቅ ነው። ቪዲዮው ሲጀምር ከበሮና እልልታ ሱቁን ሞላው። ሌላ ዕቃ የሚያዩ ሰዎች ዞረው ተመለከቱ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሴቶች በከበሮው ምት እየተደባደቡ ነው።

«ሰርግ ነው እንዴ?» አለች ጀሊላ።

«ቀራጩ ዘፈን ሳይጨምርበት ለሰው መስጠት አይሆንለትም።»

«ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?»

«የምትደማው» አለች ፊዮሪ።

ጀሊላ ሳቋን ዋጠች። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ስክሪኑ መልካም ነበር፤ የሚቆመው ግን ከጀርባው በምትወጣ ቀጭን እግር ነው፤ ያለ ጠረጴዛ ተንሸራቶ ይወድቃል። ማኑሄ ክንዱ ላይ ሞከረው። ሊወድቅ ሲል ጀሊላ በሁለት እጇ ቀለበችው። «ይሄ የቢሮ ሰው ነው፤ ለእናንተ አይሆንም» አለች።

ሁለተኛው እንደ ደብተር የቀለለ ነበር። ኪቦርዱ ዙሪያውን ዞሮ ከስክሪኑ ጀርባ ተለጠፈ። ማኑሄ እንደ ቦክስ ፓድ ግራ ክንዱን ዘርግቶ ያዘው። ትከሻው ድምፅ አላሰማም። ፊዮሪ ስክሪኑ ላይ እንደ አዲስ ተመታች፤ ቅንድቧ እንደ አዲስ ተቀደደ፤ ደሙ ግን ቡናማ ነው፣ ፊቷም ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሦስተኛው እንዲሁ ይታጠፋል፤ ከሁለተኛው ከበድ ይላል። በዘረጋው ክንዱ ይዞ ጥቂት ሲቆይ ትከሻው መንቋቋት ጀመረ። «ይሄ ዙሩ ሳያልቅ እኔን ይጥለኛል» ብሎ ሊመልሰው ሲል ቪዲዮው ተከፈተ።

እጁን ሳያወርድ ቀረ። የጓንቱ ስፌት ይታያል። በፊዮሪ ላይኛው ከንፈር ላይ የተሰለፈው ላብ ይታያል። ቡጢው ሲያርፍ ቆዳዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተሰብስቦ ወደ አፍንጫዋ ሲሄድ፣ ከቅንድቧ የመጀመሪያው ደም እንደ ክር ሲወጣ፣ ሁሉም ይታያል። ማኑሄ ብዙ ሰው ሲመታ አይቷል። እንዲህ ቀርቦ ግን አይቶ አያውቅም። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ አጎነበሰ።

ፊዮሪ እጇን በፊቱ አሳልፋ ላፕቶፑን ከደነችው።

«ያኛው ይሻላል፣ ጋሼ። ለትከሻህ።»

«ያኛው ፊት አያሳይም።»

«የኔን ፊት መች አጣኸው? ምን ያደርግልሃል?»

ጀሊላም ደገፈቻት። «እውነቷን ነው። ቀላሉ ባትሪውም ይቆያል። እንዲህ ጥርት ያለ ስክሪን ቻርጅ ይበላል።»

«በጓንት ሲነኩት ይሰማል?» አለ ማኑሄ፣ ዓይኑን ከፊዮሪ ሳያነሳ።

«የትኛውም በጓንት አይሰማም። ባዶ ጣት ነው የሚፈልገው። ላባችሁንም ጠብቁት፤ ጠብታ ካረፈበት ጣት መስሎት ራሱ መጫወት ይጀምራል።»

ማኑሄ ያውቃታል፤ ይህቺ ልጅ የልምምድ ጓንት ስትገዛ ከሁሉ የሚከብደውን የምትመርጥ ናት። ቀላል ነገር ስትወድ አይቷት አያውቅም። ዛሬ ቀላሉን ያዝ የምትለው ስለ እሱ ትከሻ አስባ እንዳልሆነ ገባው። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

«ጥርት ያለውን ጠቅልይልኝ» አለ ለጀሊላ።

ፊዮሪ ቀድማው ወጣች።

አዳራሹ ሲደርሱ ጓንቷን አጥልቃ በቀጥታ ወደ ጆንያው ሄደች። በአሸዋና በጨርቅ የተሞላው ጆንያ ከጣሪያው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል፤ በእያንዳንዱ ቡጢ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ማኑሄ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ገለበጠና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ድምፁን አልቀነሰውም፤ መቀነሻውን አላገኘውም። በከበሮና በእልልታ መሃል ልጅቷ ስትደበደብ ያይ ጀመር።

በጣቱ አስቆመ፤ ወደ ኋላ መለሰ፤ እንደገና ለቀቀ። የተጋጣሚዋ ግራ እጅ ሲመጣ፣ ጓንቱ ገና በአየር ላይ እያለ፣ የፊዮሪ ዓይኖች ጨፈን ይላሉ፤ አገጯም ወደ ደረቷ ይገባል። ያየ ሰው የሚያደርገው ነው። ቀኝ እጅ ሲመጣ ግን ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ጓንቱ ይቀርባል፤ ክፍት ናቸው። ጓንቱ ሽፋሽፍቷን ሊነካ ነው፤ አሁንም እንደተከፈቱ ናቸው፣ ፊቷም በመስኮት መንገድ እንደሚያይ ሰው የተረጋጋ ነው። የምትጨፍነው ጉንጯ ከተጣጠፈ በኋላ ነው። ማኑሄ ሌላ ቡጢ ፈለገ። ሌላም። ሁሉም አንድ ናቸው። በእስክርቢቶው ከተጋጣሚዋ ትከሻ እስከ ፊዮሪ ግራ ዓይን ቀይ መስመር አሰመረ፤ እጁም እዚያው ቆመ። የገንዘቤን ጉርሻ አስታወሰ። ቅቤው በአገጯ ሲወርድ ሁሉም የሳቁበትን። ያን ጊዜም አፏ አልተከፈተም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜም እጁ ሲመጣ አላየችውም።

ላፕቶፑን ጎማው ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

«ፊዮሪ፣ ነይ።»

መጣች። ወደ ላፕቶፑ አላየችም።

«ግራ ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«አብጦ ነበር፤ ድኗል።»

«ከማበጡ በፊት ስላለው ነው የምጠይቅሽ።»

«ደህና ነው አልኩህ።»

«እንግዲያው አትገቢም።»

ፊዮሪ ጓንቶቿን አነሳች። ከዚያ «ምታኝ» አለችው። «በዚያ በምትለው በኩል ምታኝና እይ።»

«አልመታሽም።»

በሆዱ መታችው። ትንፋሹ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ምታኝ» አለች። ጎድኑን መታችው፤ በዚያው ድሮ በተሰበረው በኩል። ጉልበቱ ታጠፈና ተመለሰ። ሰው ሁሉ ልምምዱን ትቶ ዞረ። ዲሪባ ሊገላግል ሁለት እርምጃ ሲራመድ ማኑሄ በዓይኑ መለሰው። ሦስተኛው ቡጢ አፉን አገኘ። ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ተተረተረ፤ ደሙ በሸሚዙ ላይ ተረጨ።

ፊዮሪ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ፣ ከደረቱ ሌላ ሳታይ፣ ቀኝ እጇን በቀኝ ላይ ትደራርባለች። እያለቀሰች እንደሆነ አላወቀችም። ማኑሄ ቀኝ ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ዘረጋ። መዳፉን ከፍቶ ከጎን አመጣውና በግራ ጆሮ ግንዷ አጠገብ፣ ሳይነካት፣ አቆመው። ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ፊዮሪ ትመታለች። እጁን ይበልጥ አስጠጋ። ፊዮሪ ትመታለች። ከአገጩ የሚንጠባጠበው ደም ጓንቷን አቅልሞታል፤ መዳፉ ግን ከፊቷ ጎን አልተነቃነቀም።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ገመድ የሚዘሉት ገመዳቸውን ለቀቁ። ጆንያው ብቻውን ይወዛወዛል።

ጸጥታው ነው ያስቆማት። «ምን ታያላችሁ?» አለች። ልታያቸው ወደ ግራ ስትዞር ጉንጯ የማኑሄ መዳፍ ውስጥ ገባ።

ደንግጣ ወደ ኋላ አላለችም። እዚያው መዳፉ ውስጥ ቆመች፤ ትከሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር» አለ ማኑሄ። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉ በደንብ አልወጣም።

«ከግጥሚያው በፊት፣ ልምምድ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ» አለች። «ከዚያ እንደ ጥቁር መጋረጃ የሆነ ነገር ከጎን መጣ። በቀኙ ካየሁ ይበቃኛል ብዬ ነበር።» ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «ናይሮቢ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ማኑሄ ላፕቶፑን ሊከድነው ወደ ጎማው አጎነበሰ። ከአገጩ አንድ የደም ጠብታ ስክሪኑ ላይ ወደቀ። ላፕቶፑም ጣት መሰለው፤ ከበሮው ጀመረ፣ እልልታው ቀጠለ፣ ፊዮሪ እዚያ ውስጥ ደግሞ መመታት ጀመረች። ፊዮሪ ፈጥና በጓንቷ ነካችው። አልቆመም። ደግማ ነካችው፤ ደሙን አደፈረሰችው እንጂ ቡጢው መውረዱን አልተወም። የጓንቷን ማሰሪያ በጥርሷ ያዘችና ፈታችው፤ ጓንቱን ብብቷ ውስጥ ቆንጥጣ እጇን አወጣች። በባዶ አውራ ጣቷ ደሙን ጠርጋ ስክሪኑን ተጫነችው።

ቀጥ አለ። የራሷ ፊት ነው፤ ሁለቱም ዓይኖች ክፍት፤ ቀዩ ጓንት ከግራ ዓይኗ አጠገብ፣ ገና ሳያርፍ። ፊዮሪ ራሷን ወደ ግራ አዙራ፣ በቀኝ ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችው። ያንን ቡጢ ሲመጣ ያየችው ያኔ ነው።

ሁለተኛውን ጓንትም አወለቀች። ሁለቱን አጣምራ ለዲሪባ ሰጠችው።

«ኮረብታው ላይ ያለው ሐኪም ቤት ዛሬ ዓይን ያያሉ?»

«ያያሉ» አለ ማኑሄ። «የኔንም ከንፈር ይሰፉልኛል።»

«ብዙ መታሁህ?»

«ቀኝሽ ደህና ነው።»

ላፕቶፑን በብብቱ ያዘው፤ ከብዶታል፣ ትከሻውም ይንቋቋል። ከአዳራሹ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ቦዳዎች ጥሩምባ እየነፉ በጎን ያልፋሉ። ማኑሄ በቀኟ ነበር የወጣው። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላዋ ዞረና በግራዋ በኩል ሆኖ መራመድ ጀመረ።